ርካሽ አሮጌ መኪና ገዝቶ ለአማተር ውድድር ማዘጋጀት

ማንም ያልፈለገውን አሮጌ መኪና ገዝቶ ውድድር መግባት የእብድ ሥራ ይመስላል። ግን ለዚሁ ተብለው የተቋቋሙ ውድድሮች አሉ። ከስመ ጥሮቹ አንዱ በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው «24 አወርስ ኦፍ ሌመንስ» ነው። የታወቀበት ደንብ መኪናው ከ500 ዶላር በላይ እንዳይፈጅ የሚለው ነው። ኬጁ (መኪናው ሲገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቀው የብረት ቧንቧ ማዕቀፍ)፣ ወንበሩ፣ ቀበቶው፣ ፍሬኑና ጎማው ግን ከዚህ ሒሳብ ውጪ ናቸው። በመኪናው ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ቆጥቡ፤ መኪናውን በሚያቆመውና ነፍሳችሁን በሚጠብቀው ላይ ግን እጃችሁ አይጠር ማለት ነው።

ብዙ ጀማሪ ይህን ገልብጦ ይጀምራል። መጀመሪያ ማርሚታ ይቀይራል። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ፣ ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ። ተራው ፍሬን ላይ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ነው። እዚህ የማስቀምጠው ቅደም ተከተል ተቃራኒው ነው። ሞተሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ጭራሽ ባይመጣም ቅር አይበላችሁ።

1. ከመኪናው በፊት ደንቡን ያዙ

የምትገቡበትን ውድድር ምረጡና የደንብ መጽሐፉን አትሙት። የኬጁ ቧንቧ ውፍረት፣ የጎማው ዓይነት፣ የሄልሜቱ ደረጃ፣ የእሳት ማጥፊያው መጠን ሁሉ ከውድድር ውድድር ይለያያል። አንዱ ጋ ያለፈ መኪና ሌላው ጋ በር ላይ ይመለሳል። ያልገባችሁን ነገር ከመበየዳችሁ በፊት የቴክኒክ ተቆጣጣሪዎቹን ጠይቁ። ከብየዳ በኋላ መጠየቅ መፍጫ ያስነሳል።

2. መኪናው

የምትፈልጉት ፈጣን መኪና አይደለም። ቀላል፣ በእጅ ማርሽ የሚሠራና ዕቃው በየቦታው የሚገኝ መኪና ነው። ክብደቱ ከ1,000 እስከ 1,200 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ፍሬንም፣ ጎማም፣ ነዳጅም ይተርፋችኋል። ቶዮታ ኮሮላ፣ ሆንዳ ሲቪክ፣ ቮልስዋገን ጎልፍ፣ ማዝዳ ኤምኤክስ 5፣ የድሮ ቢኤምደብሊው 3 ሲሪዝ በየትራኩ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም የየራሳቸው ዐመል አላቸው። ሲቪክና ጎልፍ የፊት ጎማቸው ሁለት ሥራ ስለሚሠራ፣ ይጎትታልም ያዞራልም፣ ቶሎ ይበሉታል። ቢኤምደብሊው ኢ36 (የ3 ሲሪዝ አንዱ ትውልድ) የማቀዝቀዣው ክፍሎች ብዙዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ዕድሜ ሲጠግቡ ይሰነጠቃሉ። ኤምኤክስ 5 መንዳቱ ደስ ይላል፤ ጠንካራ ጣሪያ ስለሌለው ግን ኬጁ ከሄልሜታችሁ በላይ መሆን አለበት። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሄልሜት አድርጋችሁ ተቀመጡበት። ቱርቦና አውቶማቲክ ካምቢዮ ለጀማሪ አልመክርም። ሁለቱም ሙቀት ያመርታሉ፤ ሙቀት ደግሞ የዚህ ጨዋታ ዋና ጠላት ነው።

ስታዩት ከዝገት ጀምሩ። ሞተር ይቀየራል፤ የበሰበሰ ወለል ግን ኬጅ አይሸከምም። የሾክ አብዞርበሩን የላይ መቀመጫ፣ የበሩን ሥር፣ ክሪክ የሚገባበትን ቦታና ወለሉን በጠፍጣፋ መፍቻ ወጋ ወጋ አድርጉ። ላሜራው ከተበሳ ወይም ድምፁ የታፈነ ከሆነ እለፉት። ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ይኑር። ዝገቱ በስቱኮ ከተሸፈነ ማግኔቱ አይዝም።

ቀጥሎ ሞተሩን። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፤ እንደ ማኪያቶ የነጣ ነገር ከተጣበቀበት የቴስታ ጋርኒሲዮን (ውኃና ዘይት እንዳይገናኙ የሚያሽገው) ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሲሊንደሮቹን በኮምፕሬሽን መለኪያ ለኩ። ዋናው ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ሳይሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ከተራራቁ አንዱ ሲሊንደር ታሟል። ካምቢዮው በተለይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመለስ ካንገራገረ እሱም ወጪ ነው።

የተላጠ ቀለም፣ የተቀደደ ወንበር፣ የማይሠራ ኤሲ፣ የተሰበረ ሬዲዮ፣ የተጨረመተ ፓራፋንጎ? እነዚህ ዋጋ ማውረጃ ናቸው። ሁሉንም አውልቃችሁ ልትጥሉት ነው። ፊታችሁ ላይ ደስታ እንዳይነበብ ብቻ ተጠንቀቁ።

3. ማራቆት

መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉና ቆዩ። ኤርባግ ባትሪ ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ይዞ ይቆያል። የመኪናው መመሪያ የሚለውን የመጠበቂያ ጊዜ ጠብቁ፤ ከዚያ ኤርባጎቹን አውጡ። ሄልሜት ባደረገና በአምስት ወይም ስድስት ነጥብ ቀበቶ በታሰረ ሰው ፊት ላይ የሚፈነዳ ኤርባግ አያስፈልግም።

የኋላ ወንበር፣ ምንጣፍ፣ የጣሪያ ጨርቅ፣ የኤሲ መጭመቂያ፣ ትርፍ ጎማ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ይውጣ። ከዚህ ሥራ በጣም አሰልቺው ወለሉ ላይ የተለጠፈው ሬንጅ መሰል የድምፅ መከላከያ ነው። በመፋቂያ ከታገላችሁት ቀኑን ይወስዳል። ደረቅ በረዶ አግኙ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቁርጥራጩን ሬንጁ ላይ ዘርግታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱ። ሬንጁ ይሰነጠቅና በየቁራጩ እየተላቀቀ ይነሳል። ወፍራም ጓንት አድርጉ፤ በሮቹንም ክፈቱ። የሚተነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ በተዘጋ ቦታ ያፍናል።

ሽቦ ላይ ጉጉት አይኑራችሁ። የማታውቁትን ሽቦ ከቆረጣችሁ መኪናው የማይነሳበትን ምክንያት ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። አንድ መስመር ተከተሉ፣ ምን እንደሚያሠራ እወቁ፣ ከዚያ አውጡ። ቡሎንና ዳዶውን ለየብቻ በፌስታል አድርጋችሁ ላዩ ላይ ጻፉበት።

ስታራቁቱ ብዙ ቀዳዳ ይገለጣል። ከሞተር ክፍልና ከነዳጅ ታንከር በኩል ወደ ሹፌሩ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሁሉ በላሜራ ይደፈን። ካርቶንና ስኮች እሳት አያቆሙም።

4. ኬጁ

እጃችሁ እንዳያጥር ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የራሳችሁን ብየዳ ካልተማመናችሁ ይህን ሥራ ለሚያውቅ ስጡት። መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ይታጠፋል፤ እናንተንና መሬቱን የሚለያያችሁ ይህ ቧንቧ ብቻ ነው።

ቧንቧው ስፌት የሌለው፣ በብርድ የተሳበ ብረት ይሁን። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን (ኤፍአይኤ) መለኪያ ለዋናው ቅስት፣ ማለትም ከሹፌሩ ጀርባ ለሚቆመው፣ ቢያንስ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት በ2.5 ውፍረት ወይም 50 ሚሊ ሜትር በ2 ውፍረት ነው። ለሌሎቹ ክፍሎች 38 በ2.5 ወይም 40 በ2 ይፈቅዳል። የእናንተ ውድድር ሌላ ቁጥር ካለው የእሱን ተከተሉ። የጭስ ማውጫ ቧንቧ ወይም የውኃ ቧንቧ መልኩ ቢመሳሰልም ለዚህ አይሆንም።

ሲታጠፍ ውስጡ መጨማደድ ወይም መጥበብ የለበትም። የመታጠፊያው ራዲየስ ከቧንቧው ስፋት ሦስት እጥፍ አይነስ። ብየዳው ዙሪያውን ሙሉ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከጣሪያው ሥር ነው። ችቦው አይገባም፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ግማሽ ዙር ሳይበየድ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። የኬጁ እግር የሚያርፍበትን ወለል ቀድዳችሁ ኬጁን ወደ ታች ዝቅ አድርጉ፣ ላይኛውን በየዱ፣ ከዚያ መልሳችሁ አንሡትና ከሥሩ ሳህኑን በየዱ።

የእግሩ ሳህንም ቁም ነገር ነው። ቀጭን ላሜራ ላይ ብቻ የቆመ ቧንቧ በግጭት ጊዜ ወለሉን በስቶ ያልፋል። በኤፍአይኤ መለኪያ ከሥሩ የሚገባው ማጠናከሪያ ሳህን ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ሳህኑ ከወለሉ ወደ በሩ ሥር ታጥፎ ቢወጣ ይበልጥ ይጠነክራል። በሹፌሩ በር በኩል ቢያንስ ሁለት አግድም ብረት አስገቡ፤ ከጎን የሚመጣ ግጭት ከፊቱ የሚያገኘው እነሱን ነው። ጭንቅላታችሁ ሊደርስበት የሚችል ቧንቧ ሁሉ ለኬጅ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ መሸፈኛ ይጠቅለል። የፍራሽ ስፖንጅ ምንም አያደርግም።

5. ወንበር፣ ቀበቶ፣ ሄልሜት

ወንበሩ የውድድር ወንበር ይሁን፤ ማሰሪያው ደግሞ ከወለሉ ጋር ከሥሩ በሳህን ተጠናክሮ ይታሰር። ቀበቶ ስትገዙ የተሠራበትን ቀን እዩ። የኤስኤፍአይ (ለውድድር ዕቃ የደህንነት ደረጃ የሚያወጣ የአሜሪካ ድርጅት) ደረጃ ያለው ቀበቶ በድርጅቱ መለኪያ የሚያገለግለው ከተሠራ 2 ዓመት ብቻ ነው። ጨርቁ በፀሐይና በላብ ይደክማል። ያገለገለ መኪና እንጂ ያገለገለ ቀበቶ አይገዛም። የትከሻው ማሰሪያ ከትከሻችሁ ወደ ኋላ አግድም ወይም ትንሽ ወደ ታች ያዘንብል። ማሰሪያው በጣም ወደ ወለል ከወረደ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል።

የሞተር ብስክሌት ሄልሜት አይበቃም። ሄልሜት የሚፈትነው ስኔል የሚባል ድርጅት «ኤስኤ» ደረጃ ያለው፣ ለምሳሌ ኤስኤ 2020፣ የእሳት ፈተናና ከኬጅ ጋር የመጋጨት ፈተና አልፏል። «ኤም» የሚለው የሞተር ብስክሌት ሄልሜት እነዚህን አላለፈም።

ከሄልሜቱ ጋር የአንገት መከላከያ ግዙ። «ሃንስ» የሚባለውን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ሮበርት ሀባርድ የሚባል የባዮሜካኒክስ ፕሮፌሰር ነው፤ ከሹፌሩ ጂም ዳውኒንግ ጋር። ሰውነታችሁ በቀበቶ ሲያዝ ጭንቅላታችሁ ብቻውን ወደ ፊት ይሮጣል፤ የራስ ቅል ሥር የሚሰበረው እንዲህ ነው። ሃንስ ጭንቅላቱን ከትከሻ ጋር ያስራል። ፎርሙላ ዋን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል።

ልብሱን በአጭሩ፦ የኤስኤፍአይ 3.2ኤ/1 ልብስ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ እስኪደርስ 3 ሰከንድ ያህል ይሰጣል፤ 3.2ኤ/5 ደግሞ 10 ሰከንድ። ከሥሩ ናይሎን አትልበሱ፤ ቆዳ ላይ ይቀልጣል።

ዋናውን የኤሌክትሪክ ማጥፊያ ስታስገቡ አንድ ወጥመድ አለ። ባትሪውን ብቻ ከቆረጣችሁ ዲናሞው ሞተሩን መመገቡን ይቀጥላልና አይጠፋም። ስለዚህ ማጥፊያው የማቀጣጠያውንም መስመር አብሮ የሚቆርጥ ይሁን። ሞተሩን አስነሥታችሁ ነዳጅ ሰጥ አድርጉና ማጥፊያውን ምቱ። ወዲያው ካልሞተ ሥራው አላለቀም። ከውጭ ባለው ማጥፊያ ላይ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን በቀይ መብረቅ ለጥፉ፤ ለማዳን የሚሮጠው ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።

ሁሉም ሲገባ ሙሉ ልብስ ለብሳችሁ፣ ታስራችሁ፣ መውጣትን ተለማመዱ። ሰዓት ያዙ። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ውስጥ ካልወጣችሁ የሚይዛችሁን ነገር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚይዘው የመስኮቱ መረብ ወይም የሬዲዮ ገመድ ነው።

6. ፍሬን

ትንሽ ሒሳብ። 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከ160 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርድ ፍሬኑ 850 ኪሎጁል አካባቢ ሙቀት ይውጣል። ይህ ሁለት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። በእያንዳንዱ ረጅም ቀጥታ መጨረሻ፣ በየዙሩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። የዘይቱ ደረጃ «ዶት» በሚል ቁጥር ይጻፋል፤ አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230፣ ዶት 5.1 እስከ 260 ይችላል። ግን እነዚህ ዘይቶች ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ። እርጥበት የጠጣ ዶት 4 ፈተናውን የሚያልፈው በ155 ዲግሪ ነው። ርካሹ የፍሬን ማሻሻያ ይህ ነው፤ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ አዲስ ጥሩ ዶት 4 አስገቡ። ክፍት ሆኖ የከረመ ቆርቆሮ አትጠቀሙ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ቁጥሩ ከ5.1 ጋር ስለሚቀራረብ ስንቱን አሳስቷል!

ለመንገድ የተሠራ የፍሬን ሸራ ለትራክ አይሆንም፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ይንሸራተታል። ሙቀት የሚችል የትራክ ሸራ ግዙ። ዲስኩ ውድ መሆን የለበትም፤ ቀዳዳ ወይም መስመር የተቆረጠበት ሳይሆን ተራው፣ አዲሱ ይበቃል። የተበሳ ዲስክ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን አሮጌ የላስቲክ ቱቦ ቀይሩ። ከፓራውልቱ ፊት ተነሥቶ ወደ ዲስኩ መሐል አየር የሚያደርስ ቧንቧ ዘርጉ፤ በጥቂት ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ሥራ ነው።

አዲስ ሸራ ሲገባ ማስለመድ ይፈልጋል። ከ100 ወደ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስምንት፣ አሥር ጊዜ ያህል እየጠነከራችሁ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ እየነዳችሁ አብርዱ። ሞቆ ሳለ ቆማችሁ ፔዳሉን እንደረገጣችሁ አትቆዩ፤ የእጅ ፍሬንም አትሳቡ።

7. ውኃና ዘይት

አዲስ ራዲያተር፣ አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ ቱቦዎች፣ አዲስ ክዳን። ክዳኑን ንቃችሁ እንዳታልፉት። ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። ብዙ ውድድሮች ፀረ በረዶ አይፈቅዱም፤ ትራኩ ላይ ከፈሰሰ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ንጹሕ ውኃና ዝገት መከላከያ ተጠቀሙ፤ ውርጭ ባለበት ቦታ ስታቆሙት ግን ውኃውን አፍስሱ።

የፋብሪካው የሙቀት መለኪያ ላይ እምነት አታድርጉ። ብዙዎቹ መሐል ላይ ተገትረው የሚቆዩ ናቸው፤ ሲንቀሳቀሱ ረፍዷል። ትክክለኛ ቁጥር የሚያሳይ ጌጅ አስገቡ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ውኃው በሙሉ ከፈሰሰ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀራልና መርፌው ሊወርድ ይችላል። ድንገት የቀዘቀዘ ሞተር ጥሩ ዜና አይደለም፤ ወዲያው አጥፉ።

ዘይቱ የባሰ ነው። ረጅም መታጠፊያ ላይ ዘይቱ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) አንድ ጎን ይሸሻል፤ ፖምፓው አየር ይስባል፤ ኩሽኔታው ይቃጠላል። ኮፓውን አውርዳችሁ በመምጠጫው ዙሪያ ትንንሽ ግድግዳ አስበይዱ። የዘይት ግፊት ጌጅም ትልቅ ቀይ መብራት ይኑረው። የፋብሪካው መብራት የሚበራው አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ ከ0.5 ባር በታች ሲወርድ ነው፤ ያኔ ሞተሩ እየሞተ ነው። በሞቀ ሞተር ለየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ያህል ካያችሁ ደህና ነው።

8. ከሥር ያለው

ቴስቲና፣ ኩሽኔታ፣ ቡሽ፤ የላላ ነገር ሁሉ ይቀየር። ርካሽ አዲስ ሾክ አብዞርበሮች ካረጁ ውዶች ይሻላሉ። ሞላ ቆርጦ መኪና ዝቅ ማድረግን እርሱት።

አላይመንት ግን ርካሽና ውጤቱ የሚታይ ነው። የፊት ጎማዎች ከላይ ወደ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ቢያዘነብሉ መኪናው ሲታጠፍ ጎማው መሬቱን ሙሉ ይረግጣል። ልኩን የሚነግራችሁ ጎማው ራሱ ነው። ከትራክ እንደወጣችሁ በመርፌ ቴርሞሜትር ውስጡን፣ መሐሉን፣ ውጩን ለኩ። ውጩ በጣም ከሞቀ ማዘንበሉ ይጨመር። መሐሉ ከሁለቱ ጠርዝ ከበለጠ ነፋሱ በዝቷል። በየ10 ዲግሪው ግፊቱ 0.1 ባር ያህል እንደሚጨምር እያሰባችሁ በብርድ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ብዙ የርካሽ መኪና ውድድሮች ጎማው ቶሎ አለማለቁን የሚያሳየው፣ ጎኑ ላይ «ትሬድዌር» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር 200 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይጠይቃሉ።

9. ሞተሩ

ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ ቀይሩት። በቃ። የቀረው ገንዘብ ለነዳጅና ለልምምድ ይሂድ። ከእናንተ አጠገብ ባለ 100 ፈረስ ጉልበት መኪና የሚነዳ ልምድ ያለው ሰው በመታጠፊያ ሲያልፋችሁ ነገሩ ይገባችኋል።

10. የመጀመሪያው ቀን

ውድድር አትግቡ። መጀመሪያ ማንም የማይሽቀዳደምበት የልምምድ ቀን ያዙ። የጎማ ዳዶዎችን የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ መፍቻ አጥብቁ፤ አብዛኛው ትንሽ መኪና ከ90 እስከ 110 ኒውተን ሜትር መካከል ነው፤ የእናንተን ከመመሪያው እዩ። ከሥር ያሉ ቁልፍ ቡሎኖች ላይ በቀለም መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

አምስት ዙር በግማሽ ፍጥነት ዙሩና ውጡ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ከሥር ግቡ፣ የሚያፈስ ነገር ፈልጉ፣ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። ከዚያ አሥር ዙር። ከዚያ 20 ደቂቃ። በየመሐሉ ውኃ፣ ዘይት፣ የሸራ ውፍረት፣ የጎማ ሙቀት በደብተር ይመዝገቡ። የመጨረሻውን ዙር ሁልጊዜ በዝግታ፣ ፍሬን ሳታበዙ ጨርሱ፤ ስትቆሙም ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት አድርጉ።

ማታ ቤት ስትገቡ መኪናውን ሳታጥቡት በፊት ከሥሩ በባትሪ መብራት እዩት። አዲስ ዘይት በአቧራ ላይ ጥቁር መንገድ ይሠራል፤ ከየት እንደጀመረ መከተል ይቻላል። ከታጠበ በኋላ ግን ምልክቱ ይጠፋል። ያገኛችሁትን ጻፉ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚገዛው ዕቃ ከዚያ ገጽ ላይ ነው።